በጎዳና የሚኖሩ ሰዎችና የኢንተርኔት ተደራሽነት፦ ከባሕር ዳር ከተማ አንጻር

አጠቃሎ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መኖሪያ ቤት የሌላቸው ሰዎች ኢንተርኔት ለመጠቀም ሲሞክሩ የሚገጥማቸውን መሰናክል መመርመር ነው። መሰናክሉ አብዛኛውን ጊዜ በዋጋ ብቻ ሲገለጽ ይታያል። ጽሑፉ ግን አንድ ሰው ከኢንተርኔት ለመድረስ የሚያልፍባቸው አራት እርከኖች፣ ማለትም መታወቂያ፣ የስልክ ቁጥር፣ የስልክ ኃይልና መጠቀሚያ ስፍራ፣ እያንዳንዳቸው ቤትን ሳይናገሩ ቅድመ ሁኔታ እንደሚያደርጉ ያሳያል። ከዚህም በመነሣት የከተማ አስተዳደሩ፣ አገልግሎት ሰጪ ተቋማትና ዩኒቨርሲቲው በአነስተኛ ወጪ ሊያደርጓቸው የሚችሏቸውን ተግባራት ይጠቁማል። ጽሑፉ ሕጎችን፣ የታወቁ አሠራሮችንና የሌሎች አገሮችን ተሞክሮ መሠረት ያደረገ ትንታኔ እንጂ የቆጠራ ወይም የመጠይቅ ጥናት አይደለም።

ቁልፍ ቃላት፦ ቤት አልባነት፣ የኢንተርኔት ተደራሽነት፣ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ባሕር ዳር

1. መግቢያ

“ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ በአገራችን ብዙ አገልግሎት ከመስኮት ወደ ስልክ ተሸጋግሯል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለተኛው የቴሌኮም አገልግሎት አቅራቢ ሆኖ ገበያውን ተቀላቀለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በድረ ገጽ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ይታያል። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያን አስገዳጅ ማድረግ ጀምሯል፤ አሠራሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በየደረጃው ወደ ሌሎች አካባቢዎች እንዲሰፋ የታቀደ ነበር።

ይህ ሽግግር ለብዙዎቻችን እፎይታ ነው። ወረፋ ይቀንሳል፣ መንገድ ያሳጥራል። ነገር ግን አገልግሎት ወደ ስልክ በገባ ቁጥር ከስልኩ ውጭ ያለው ሰው ከአገልግሎቱም ውጭ ይሆናል። ጥያቄው እንግዲህ፦ ማታ የሚገባበት ቤት የሌለው ሰው በዚህ አዲስ በር እንዴት ይገባል? የሚል ነው። ጥያቄው የርኅራኄ ብቻ አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነጻነትን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብትን ደንግጓል። አገልግሎቱ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ እኩልነቱም የሚለካው በኢንተርኔት መድረስ ይሆናል።

2. ስያሜውና የሚያመለክታቸው ሰዎች

በአማርኛ ለዚህ የኑሮ ሁኔታ ከአንድ በላይ ስያሜ አለ። “በረንዳ አዳሪ” የሚለው የማደሪያውን ስፍራ ይናገራል። “ጎዳና ተዳዳሪ” የሚለው አዳሩን ሳይሆን ኑሮውን፣ ማለትም ጎዳናውን የመተዳደሪያ ስፍራ ማድረግን ያመለክታል። “ቤት አልባ” ደግሞ ሰውየው ባጣው ነገር የሚጠራበት ስያሜ ነው። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ቀን ጎዳና ላይ ሠርቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ሊስትሮ ጎዳና ተዳዳሪ ሊባል ቢችልም በረንዳ አዳሪ አይደለም። በየሌሊቱ ከፍሎ የጋራ መኝታ የሚያድር የቀን ሠራተኛ በረንዳ አዳሪ ባይሆንም ገንዘብ ባጣበት ሌሊት በረንዳ አዳሪ ይሆናል።

በባሕር ዳር ሁኔታ ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቢያንስ አራት ዓይነት ሰዎችን መለየት ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ በመናኸሪያ፣ በገበያ ዙሪያና በአብያተ ክርስቲያናት አጥር ሥር የሚያድሩ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ከገጠር ለቀን ሥራ መጥተው በአዳር ክፍያ የሚኖሩ ጫኝና አውራጆች፣ የግንባታ ሠራተኞችና አዟሪዎች ናቸው። ሦስተኛዎቹ በላስቲክና በቆርቆሮ መጠለያ የሚኖሩ፣ የቤት ቁጥር የሌላቸው ቤተሰቦች ናቸው። አራተኛዎቹ በግጭት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ናቸው፤ በክልላችን በቻግኒ ራንች፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎች ስፍራዎች የነበሩት መጠለያዎች ይህ ክፍል ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አሳይተዋል።

የቆሎ ተማሪን ግን ከእነዚህ ጋር መቁጠር አይገባም። ምንም እንኳ በለምኖ አዳሪነት ቢታወቅም ጉባኤ አለው፣ የኔታ አለው፣ ጎጆም አለው። በአንድ ሰፈር የሚያውቀውና የሚመሰክርለት ሰው አለ። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ከታች እንደምናየው በረንዳ አዳሪውን ከአገልግሎት የሚያርቀው ከጣሪያው መጥፋት ይልቅ “አውቀዋለሁ” የሚል ሰው መጥፋቱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

3. አራቱ እርከኖች

3.1 መታወቂያ

የቀበሌ ነዋሪነት መታወቂያ ለማግኘት አመልካቹ በቀበሌው ውስጥ የሚኖርበት የታወቀ ቤት፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ ከሆነም ከቀድሞ ቀበሌው የተጻፈ መሸኛ እንዲኖረው ይጠየቃል። ተከራይ ቢሆን አከራዩ ይቀርብለታል። በረንዳ የሚያድር ሰው ግን የሚያቀርበው የቤት ቁጥርም አከራይም የለውም። መሸኛውን ለማምጣት ወደ ትውልድ ቀበሌው እንዳይመለስም መሳፈሪያ ያስፈልገዋል። በግጭት የተፈናቀለ ከሆነ ደግሞ መሸኛ የሚጽፈው ጽሕፈት ቤት ራሱ ላይኖር ይችላል።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 በዚህ ረገድ አዲስ መንገድ ከፍቷል። ምዝገባው ነጻ ነው፤ የሰውን ማንነት በአሥሩ ጣት አሻራ፣ በሁለቱ ዓይን አይሪስና በፊት ምስል ይለያል። የማስረጃ ሰነድ ለሌለው ሰውም በምስክር የሚመዘገብበትን አሠራር ይፈቅዳል። ጣቶቹ በድንጋይና በሲሚንቶ ተልጠው አሻራው ለጠፋ የቀን ሠራተኛ የዓይን ምስል መወሰዱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሁለት እንቅፋቶች ይቀራሉ። አንደኛው ምስክሩ ከየት ይመጣል? የሚለው ነው። ሁለተኛው የፋይዳ ቁጥሩ ለተመዝጋቢው የሚደርሰው በዋናነት በስልክ የጽሑፍ መልእክት መሆኑ ነው። ስልክ የሌለው ሰው ተመዝግቦም ቁጥሩን ላያውቅ ይችላል።

3.2 የስልክ ቁጥር

ሲም ካርድ በስም ለማውጣት ሕጋዊ መታወቂያ ያስፈልጋል። መታወቂያ የሌለው ሰው ስልክ ከያዘ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው በወዳጁ ወይም በዘመዱ ስም በወጣ ሲም ነው። ይህ አሠራር ስልኩ እስካለ ድረስ ችግሩ አይታይም። ስልኩ የተሰረቀ ወይም ውኃ የገባበት ዕለት ግን ቁጥሩን ማስመለስ የሚችለው ስሙ የተመዘገበው ሰው ብቻ ነው። በቁጥሩ የተከፈተ የቴሌብር ሒሳብ፣ የቴሌግራም መለያ፣ የአሠሪዎችና የዘመዶች አድራሻ አብሮ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ ሒሳብ ሳይሞላበት የቆየ ቁጥርም አገልግሎቱ ተቋርጦ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል።

ቤት ያለው ሰው ስልኩ ቢጠፋ ጎረቤቱ ያውቀዋል፣ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ፈላጊ ቤቱ ድረስ ይመጣል። ቤት የሌለው ሰው ግን የሚገኝበት ብቸኛ አድራሻ የስልክ ቁጥሩ ነው። ለቀን ሥራ የሚፈልገው ደላላ የሚደውለው በዚያ ቁጥር ነው፤ በገጠር ያለች እናቱም የምታውቀው ያንኑ ነው። ስለዚህ የቁጥር መጥፋት ለእርሱ የዕቃ መጥፋት ሳይሆን የአድራሻ መጥፋት ነው።

3.3 ስልክና ኃይል

ሦስተኛው እርከን መሣሪያውና ባትሪው ነው። መሰኪያ የግድግዳ ነገር ነው፤ ግድግዳ የሌለው ሰው መሰኪያ የለውም። ስልኩን በሱቅ፣ በፀጉር ቤት ወይም በጥበቃ ቤት ከፍሎ ወይም ለምኖ ኃይል ያስሞላል። ስልኩ ኃይል እየሞላ በሰው እጅ በቆየበት ሰዓት ደግሞ ባለቤቱ አይገኝም፤ ለሥራ የተደወለ ጥሪ ያልፈዋል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ይህም በር ይዘጋል።

ሌሊት ሌላው ፈተና ነው። ስማርት ስልክ በረንዳ ለሚያድር ሰው ንብረትም የአደጋ ምክንያትም ነው፤ ለስርቆት ይፈለጋል፣ በስርቆቱም መደብደብ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ስማርት ስልክ መያዝ እየቻሉ ባለ ቁልፍ ስልክ መያዝን የሚመርጡ አሉ። ጎዳና ላይ ለምታድር ሴት ውሳኔው ይበልጥ ይከብዳል፦ ስልኩ እርዳታ የምትጠራበት መሣሪያ ነው፣ አጥቂንም የሚጋብዝ ነው። በተውሶ ስልክ መጠቀም ደግሞ ሚስጥርን አሳልፎ መስጠት ነው። የማረጋገጫ ቁጥር፣ የሕክምና ቀጠሮ፣ የተላከ ገንዘብ ሁሉ ስልኩን ባዋሰው ሰው ፊት ይመጣል።

3.4 ስፍራ

አራተኛው እርከን ቁጭ ብሎ የሚጠቀሙበት ስፍራ ነው። በባሕር ዳር ዋይፋይ ያለባቸው ስፍራዎች ጥቂት አይደሉም። በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ሆቴሎችና ካፌዎች አገልግሎቱን “በነጻ” ይሰጣሉ። ዋጋው ግን አንድ ስኒ ቡና፣ ንጹሕ ልብስና ከአስተናጋጁ ዓይን የሚያስተርፍ ገጽታ ነው። የዩኒቨርሲቲያችን ግቢዎችም የራሳቸው መረብ አላቸው፤ ከመምህራን ትምህርት አካዳሚው ዘመን ጀምሮ ስሙ የቀረው የፔዳ ግቢ ለዚህ ምሳሌ ነው። በግቢው ውስጥ ያለ ተማሪ በዛፍ ጥላ ተቀምጦ መጽሐፍ ያወርዳል፤ ከአጥሩ ውጭ በዚያው ጥላ ሥር የሚያድር ወጣት መረቡ የሚደርስበት ቦታ ቢሆንም የይለፍ ቃሉ የለውም። አጥሩ ሊኖር ይገባል፤ ይህ ጽሑፍ ይፍረስ አይልም። የሚለው፣ ኢንተርኔት በአየር ላይ ያለ ነገር ቢመስልም የሚከፋፈለው በአጥር መሆኑን ነው።

4. ሞባይል ዳታ ሲቋረጥ

የአራቱ እርከኖች ትርጉም ጎልቶ የታየው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ኢንተርኔት ከከተማዋ ፈጽሞ አልጠፋም። በቋሚ መስመር የሚገባው አገልግሎት በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ ግቢዎችና ቤቶች ይሠራ ነበር። ኢንተርኔት የነበረውና ያልነበረው ሰው የተለየው እንግዲህ በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በጣሪያ ነበር። መስመር የሚገባው በቤት ነው፤ ቤት የሌለው የነበረው ሞባይል ዳታ ብቻ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ሆን ተብሎ የሚደረግ የኢንተርኔት ማቋረጥን አውግዟል። ስለ ማቋረጡ ሕጋዊነት መከራከር የዚህ ጽሑፍ ወሰን አይደለም። ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፦ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ሰው መንገዱ ሲዘጋ አማራጭ የለውም። ለቤት አልባዎች የሚታሰብ ማናቸውም አገልግሎት ስለዚህ በሞባይል ዳታ ላይ ብቻ ሊመሠረት አይገባም።

5. ከሌሎች ተሞክሮ

ፊንላንድ ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ፍጥነት ያለውን ኢንተርኔት የዜጎች ሕጋዊ መብት በማድረግ በዓለም የመጀመሪያዋ ተብላ ትጠቀሳለች። አፈጻጸሙ ግን መብቱን ያሰረው ከቋሚ መኖሪያና ከንግድ ስፍራ ጋር ነው። መብትን በሕግ መደንገግ መልካም ሆኖ፣ መብቱ የሚደርሰው በቤት አድራሻ በኩል ከሆነ አድራሻ የሌለው ሰው ተመልሶ ከበሩ ውጭ ይቀራል።

የኒውዮርክ ከተማ በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የድሮ የሕዝብ ስልኮችን በነጻ ዋይፋይ፣ በስልክ መደወያ፣ በኃይል መሙያና በመረጃ መፈለጊያ ሰሌዳ ተካች። በዚያው ዓመት መስከረም ከተማዋ የሰሌዳውን የድረ ገጽ መፈለጊያ ዘጋች። ምክንያቱ አንዳንድ ተጠቃሚዎች፣ ከእነርሱም ቤት አልባዎች፣ በሰሌዳው ፊት ለረጅም ሰዓት መቆየታቸውና ለእግረኛ የማይመቹ ምስሎች መታየታቸው ነበር። ዋይፋዩ፣ መደወያውና ኃይል መሙያው ግን ቀጠሉ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ቤት ያለው ሰው በሳሎኑ የሚያደርገውን ቤት የሌለው ሰው በአደባባይ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ይታያል፣ ይወቀሳልም። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ የቆመ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም፤ የሚቀመጡበት፣ አስተባባሪ ያለውና የተጠቃሚን ሚስጥር የሚጠብቅ ስፍራ ያስፈልጋል።

ከአገራችንም የሚጠቀስ አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የነጻ ስልክ መስመር አርሶ አደሩ በተራ ስልክ ደውሎ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የእርሻ ምክር እንዲያዳምጥ አስችሏል። በኮቪድ 19 ወቅትም 8335 በነጻ የሚደወልበት የጤና መረጃ መስመር ነበር። እነዚህ ማንበብ፣ ስማርት ስልክም ሆነ የዳታ ክፍያ ሳያስፈልግ መረጃን ለሰው ማድረስ እንደሚቻል በራሳችን ምድር የተፈተኑ ማስረጃዎች ናቸው።

6. “መጀመሪያ ዳቦ” የሚለው መከራከሪያ

ለተራበና ለበረደው ሰው ስለ ኢንተርኔት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ሐሳቡ ክብደት አለው። ከዳቦና ከኢንተርኔት አንዱን ምረጥ ቢባል ኢንተርኔትን የሚመርጥ የለም። ነገር ግን ምርጫው በተግባር እንዲህ አይቀርብም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከክልላችን ደሴ ተካታ ነበር፤ በኋላም ፕሮግራሙ ኑሯቸውን ጎዳና ላይ ላደረጉ ወገኖች የሚሆን ድጋፍ ጨምሮ ወደ ብዙ ከተሞች ሰፍቷል። እንዲህ ያለ ድጋፍ ሲሰጥ ተጠቃሚውን መለየት፣ መመዝገብና ክፍያ ማድረስ ግድ ይላል። ምዝገባው መታወቂያን፣ ክፍያው ሒሳብን፣ ጥሪው ስልክን ይፈልጋል። ዳቦው ራሱ የሚመጣው በቁጥር በኩል ከሆነ “መጀመሪያ ዳቦ” ማለት “መጀመሪያ ቁጥር” ማለት ይሆናል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ዘላቂው መፍትሔ ቤት መስጠት ነው የሚለው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ቤት እስኪገኝ ያለው ጊዜ የሰው ዕድሜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ውጤቱን ያላየ ተማሪ የምደባ ጊዜ ያልፈዋል፤ ያልተደወለለት የቀን ሠራተኛ ጦሙን ያድራል።

7. ማጠቃለያና ይሁንታ

ከላይ እንደታየው የኢንተርኔት ተደራሽነት ለቤት አልባው ሰው የዳታ ዋጋ ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የአድራሻ ጥያቄ ነው። አራቱ እርከኖች የተያያዙ በመሆናቸው አንዱን ብቻ መፍታት ሌሎቹን አይፈታም፤ መታወቂያ የሌለውን ሰው ነጻ ዳታ መስጠት ሲም የሌለው ስልክ እንደ መስጠት ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ይሁንታዎች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ የፋይዳ ምዝገባ በመናኸሪያ፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በመስጊዶች ዙሪያ እንዲሁም በመጠለያዎች በተወሰኑ ቀናት በተንቀሳቃሽ ጣቢያ ቢካሄድ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞችም በአሠራሩ መሠረት ምስክር ቢሆኑ ሰነድ የሌላቸው ወገኖች ይደረሳሉ። ቁጥሩም በጽሑፍ መልእክት ብቻ ሳይሆን ታትሞ በእጃቸው ሊሰጥ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ቋሚ አድራሻ የሌላቸው ተመዝጋቢዎች ሒሳብ ሳይሞሉ ሲቆዩ ቁጥራቸው የሚዘጋበት ጊዜ እንዲራዘምላቸው የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪዎችና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቢመክሩበት ይጠቅማል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለሁለንተናዊ ተደራሽነት የሰጠው ቦታ ለዚህ ውይይት መነሻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የከተማ አስተዳደሩ በክፍለ ከተማ ደረጃ ቢያንስ አንድ ስፍራ፣ በቋሚ መስመር የሚሠራ ዋይፋይ፣ ቁልፍ ያለው የኃይል መሙያ ሣጥን፣ መቀመጫና አንድ አስተባባሪ እንዲኖረው ቢያደርግ ሦስተኛውና አራተኛው እርከን በአንድነት ይቃለላሉ። ሣጥኑ ቁልፍ ያለው መሆኑ ዝርዝር ጉዳይ አይደለም፤ ስልኩን ትቶ ወደ ሥራ መሄድ የሚችል ሰው የዕለት ገቢውን አያጣም።

አራተኛ፣ ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማት መረጃቸውን በስማርት ስልክ መተግበሪያ ብቻ ከማስተላለፍ ይልቅ በ8028 አምሳያ በነጻ የሚደመጥ የድምፅ መስመር ቢያክሉ ይመረጣል።

አምስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት ተልእኮ አለው። የሕግ ትምህርት ቤቱ ነጻ የሕግ ድጋፍ ለዚህ በቂ አርአያ ነው። ከዚያው ጎን የሶሻል ወርክ፣ የሕግና የኮምፒውተር ተማሪዎች በሳምንት አንድ ከሰዓት ከግቢው በር አጠገብ ቢቀመጡ፣ የፈተና ውጤት ማየት፣ ቅጽ መሙላት፣ የጠፋ ሲም ማስመለሻ ማመልከቻ መጻፍ የመሳሰሉትን ሊያግዙ ይችላሉ። ወጪው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕና የግቢው መረብ ነው።

ለቀጣይ ጥናት የሚቀር ሥራም አለ። በከተማችን ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎች ስልክን በምን መንገድ እንደሚይዙ፣ በማን ስም እንደሚያወጡና ስንት ጊዜ እንደሚያጡ ከራሳቸው አንደበት የሚሰበሰብ የመስክ ጥናት ያስፈልጋል። ይህን ጥናት የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመጀመሪያ ተሳታፊውን ለማግኘት ከፔዳ በር ብዙ መራቅ አይኖርበትም።